ቆሞ የሚያምር ሃይሉክስ

ደሴና ኮምቦልቻ ውስጥ በፒክአፕ ላይ ከሚሠሩ ሥራዎች ሁሉ ቶሎ ዐይን ውስጥ የሚገባው ፊትን ከፍ ማድረግ ነው። ከፋብሪካ ሲወጣ ወደ ፊት ጎንበስ ያለው ሃይሉክስ ጋራዥ ውሎ ሲወጣ ፊቱ ከኋላው ጋር እኩል ይሆናል። ቀጭኑ ጎማ ወርዶ ትከሻው ሰፊ፣ ጥርሱ ገዘፍ ያለ ጎማ ይገባለታል። ባለቤቱ ራቅ ብሎ ግራና ቀኙን ያየዋል፤ ዐይኑ ከሞላ ሂሳቡን ይከፍላል። ስለ ልቦለድና ስለ ፊልም ሂስ እንጽፋለን፤ ሰው ነፍሱን አሳፍሮ ገደል ለገደል የሚነዳው የጋራዥ ሥራ ግን ሃያሲ አላገኘም። ይገባዋል ባይ ነኝ።

ፍርዴን ቀድሜ ልናገር። ሥራው እንደ መልክ ሥራ ያምራል፤ እጁ የተባ መካኒክ ሲሠራው ደግሞ የበለጠ ያምራል። ችግሩ ሥራው የታሰበው ለቆመ፣ ለባዶና ሜዳ ላይ ላለ መኪና መሆኑ ነው። የደቡብ ወሎ ፒክአፕ ደግሞ ሥራ ላይ ሲሆን ከሦስቱ አንዱም አይደለም።

አገሩን የሚያውቅ ያውቀዋል። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር አካባቢ ላይ ጦሳ ተራራ ሥር ተቀምጣለች፤ ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በመካከላቸው ያለው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው፤ በዚያች አጭር መንገድ ውስጥ ከ600 ሜትር በላይ መውረድ አለ፤ አብዛኛውን የሚያወርደውም የሐረጎ ቁልቁለት ነው። ጠመዝማዛ ነው፣ ክረምት ላይ ጉም ይውጠዋል፣ ወደ ኮምቦልቻው ደረቅ ወደብና ወደ ባቲ መስመር የሚሄደው ከባድ መኪና አይጠፋበትም። ከደሴ በሌላ አቅጣጫ ወደ ተንታ፣ ወደ ደላንታ ወገል ጤና ወይም ወደ ወረኢሉ የሚወጣም ሰው ሌላ ዓይነት ሐረጎ ይጠብቀዋል። የዚህ አገር መኪና ወይ ይወጣል ወይ ይወርዳል።

አሁን ወደ ሥራው። መጀመሪያ የሚነሣው ጥያቄ ፊቱ ድሮስ ለምን ዝቅ አለ የሚለው ነው። መልሱ ቀላል ቢሆንም ብዙ ሰው አይጠይቀውም። ፒክአፕ የሚሠራው ካሶኒው ላይ ጭነት እንደሚወጣበት ታስቦ ነው። ሃይሉክስም ሆነ ዲማክስ የአንድ ቶን ያህል ጭነት ደረጃ መኪኖች ናቸው፤ ያ ሁሉ ክብደት ሲያርፍበት የኋላው ባሌስትራ ይለጠጥና መኪናው ቀጥ ይላል። ባዶውን ጎንበስ ያለው ሲጫን ቀጥ እንዲል ነው። ባዶውን ቀጥ ካደረግነው ሲጫን ፊቱን ወደ ሰማይ ያነሣል ማለት ነው።

በእኛ አገር ላይ ደግሞ አንድ ነገር ይጨመራል። ብዙ ፒክአፖች እህል፣ ሲሚንቶ፣ በግ ስለሚጭኑ ባለቤቶቹ ከኋላ አንድ ወይም ሁለት ቅጠል ባሌስትራ ያስጨምራሉ። ኋላው ባዶውን በጣም ይነሣል፤ ፊቱ ከበፊቱ የባሰ የወደቀ ይመስላል። ከዚያ ባለቤቱ «ፊቱን አንሡልኝ» ብሎ ይመጣል። አንዱ ጥገና ሌላውን ወልዶታል፤ ብዙ ጊዜ በሽታው ያለው ከኋላ ሆኖ መድኃኒቱ የሚሰጠው ለፊት ነው። ከዚህም የከፋ ጉዳይ አለ። በብዙ ሃይሉክሶች የኋላ አክስል ላይ በቀጭን ዘንግ የታሰረች የፍሬን ቫልቭ አለች። ሥራዋ ካሶኒው ዝቅ ሲል መኪናው ተጭኗል ብላ ለኋላ ጎማዎች ብዙ ፍሬን መልቀቅ፣ ከፍ ሲል ባዶ ነው ብላ መቀነስ ነው። ባሌስትራ ተጨምሮ ካሶኒው ከፍ ሲል ቫልቭዋ ጭነት እያለም የለም ትላለች። የዘንጓን ልክ ማንም ካላስተካከለላት የፊት ፍሬን ብቻውን ይደክማል።

ሥራው ሦስት ዓይነት አሠራር አለው፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ እንደ መኪናው ዕድሜ ይለያያሉ።

የመጀመሪያው የቶርሽን ባር ነው። እ.ኤ.አ. ከ1997 እስከ 2005 አካባቢ የተሠሩት ሃይሉክሶች፣ የዚያ ዘመን ኤል 200ዎችና የመጀመሪያው ትውልድ ዲማክስ በፊት በኩል ሞላ የላቸውም፤ ከሻንሲው ሥር ተዘርግቶ እየተጠመዘዘ ክብደቱን የሚሸከም የብረት ዘንግ ነው ያላቸው። ዘንጉ በስተኋላ ጫፉ ላይ ማስተካከያ ቡሎን አለው። መካኒኩ ሥር ይገባል፣ ቁልፍ ያስገባል፣ ያጠብቃል፤ ፊቱ ይነሣል። ዕቃ አልተገዛ፣ ቶርኖ ቤት አልተኬደ። ከሦስቱ ርካሹ ይኸ ነው፤ በብዛት የሚሠራውም ይኸው ነው።

በዚህ ሥራ ዙሪያ አንድ ወሬ ተስፋፍቷል፦ «ባሩ ሲጠብቅ ይጠነክራል፣ ጭነት ይችላል» የሚል። ትክክል አይደለም። የቶርሽን ባር ጥንካሬ የሚወሰነው በርዝመቱ፣ በውፍረቱና በብረቱ ዓይነት ነው፤ በተለይ ውፍረቱ ትንሽ ሲጨምር ጥንካሬው በብዙ ይጨምራል። ዲያሜትሩ በ10 በመቶ ቢወፍር ጥንካሬው በ46 በመቶ ከፍ ይላል። ቡሎኑን ማጥበቅ ግን ውፍረትም ርዝመትም አይጨምርም። የሚለወጠው ክንዱ የሚቆምበት ቦታ ብቻ ነው። ታዲያ ባለቤቱ «ጠንክሯል» የሚለው ለምንድን ነው? ጎማው ወደ ታች የሚወርድበት ጉዞ ስላጠረ ነው። ፊቱ ሲነሣ ክንዱ ወደ ታች መውረጃው ገደብ ተጠግቷል፤ ጉድጓድ ሲያገኝ ጎማው ትንሽ ወርዶ ገደቡን ይመታል፣ ጋቢናው ውስጥ «ጓ» ይላል። ሰው ድምፁን ጥንካሬ አድርጎ ተረጎመው። ኮረኮንች ላይ ይህ መኪና ጎማውን መሬት ላይ ማቆየት ይቸገራል፤ ጎማ መሬት ካልነካ መሪም ፍሬንም ዋጋ የላቸውም። እውነት ጥንካሬ የፈለገ ሰው ወፈር ያለ ባር ይግዛ።

ሁለተኛው የስፔሰር ሥራ ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 ታይላንድ ውስጥ ብቅ ያለው ሃይሉክስ ቪጎ፣ ከ2015 ወዲህ የመጣው ተከታዩ ሬቮና አዲሶቹ ዲማክሶች ፊታቸው ላይ ሞላና አሞርዛተር አንድ ላይ የተሰካበት አሠራር ያላቸው ናቸው። እነዚህ ላይ የሚጠብቅ ቡሎን የለም። ስለዚህ ከአሞርዛተሩ ራስ በላይ፣ ከሻንሲው ጋር በሚታሠርበት ቦታ ላይ ክብ ብረት ወይም አልሙኒየም ይገባል። የተዘጋጀ ኪት የሚያስመጣ አለ፤ ቶርኖ ቤት አሠርቶ የሚያስገባም አለ። የቶርኖው ሥራ ራሱ አያስነቅፍም። የእነዚህ ሁለት ከተሞች ቶርኖ ቤቶች የጠፋን ዕቃ ከባዶ ብረት የሚወልዱ ናቸው፤ ልኩ ከተሰጣቸው ልኩን ይሠራሉ።

ልኩን የሚሰጣቸው ሰው ግን ብዙ ጊዜ አንድ ነገር አያውቅም። አሞርዛተሩ የታችኛውን ክንድ የሚይዘው ከጎማው ዘንድ ሳይሆን ከመሐሉ አካባቢ ስለሆነ፣ ከላይ የገባው ብረት ጎማው ዘንድ ሲደርስ እጥፍ ገደማ ይሆናል። 25 ሚሊ ሜትር የገባለት መኪና ፊቱ 50 ሚሊ ሜትር ያህል ይነሣል። «አምስት ሳንቲም ልነሣ» ብሎ የአምስት ሳንቲም ብረት ያሠራ ሰው አሥር አካባቢ ይነሣል፤ ያ ደግሞ መኪናው የሚሸከመው አይደለም። ልምዱ ባላቸው አገሮች በፋብሪካው የላይኛ ክንድ እስከ 50 ሚሊ ሜትር ገደማ ያነሣሉ፤ ከዚያ በላይ ክንዱም አብሮ ይቀየራል።

ስፔሰሩ ከቶርሽን ባሩ በተቃራኒ ነው የሚበድለው። ባሩ ወደ ታች መውረጃውን አሳጠረ፤ ስፔሰሩ ያረዝመዋል። አሞርዛተሩ በጠቅላላው ወደ ታች ስለተገፋ ጎማው ሲንጠለጠል ከፋብሪካው ገደብ አልፎ ይወርዳል። ያን ጊዜ ቦል ጆይንቱም ሲቪ ጆይንቱም ባልተሠሩበት ማዕዘን ላይ ይታጠፋሉ፤ የሲቪው የላስቲክ ሽፋን ይቀደዳል፣ ግራሶው ይፈስሳል፣ አቧራ ይገባል፣ ከዚያ መሪ ሲዞር «ቀጭ ቀጭ» የሚለው ድምፅ ይመጣል። በሌላው ጫፍ ደግሞ ጎማው ወደ ላይ ሲገፋ አሞርዛተሩ ከበፊቱ ቀድሞ መጨረሻው ላይ ይደርስና ውስጡ ይመታል። ሁለቱም ጉዳት ዕለቱን አይታይም፤ ለዚህ ነው ሥራው ገበያ ያለው።

ሦስተኛውን በአጭሩ ላልፈው፤ ምክንያቱም የሚነቀፍበት ጥቂት ነው። ሞላውንም አሞርዛተሩንም እርስ በርሳቸው ተመዝነው በተሠሩ ዕቃዎች መቀየር ነው። የአውስትራሊያው ኦልድ ማን ኢሙ ለዚህ ስም ያወጣ ነው። ዋጋው የብዙ ባለፒክአፕን ኪስ ስለማይመለከት ከሦስቱ ብርቁ እሱ ነው።

ሦስቱንም አሠራሮች አንድ ያደረጋቸው ዓላማ ትልቅ ጎማ ነው። «ትልቅ ጎማ እንዲገባ ፊቱ ይነሣ» ይባላል። እዚህ ላይ ሥራው ትልቁን ስሕተት ይሠራል። ፊቱ ሲነሣ ክፍተቱ የሚሰፋው መኪናው ቆሞ ሳለ ነው። ጎማው ወደ ላይ የሚሄድበት የመጨረሻ ገደብ አልተለወጠም፤ የፓራፋንጎው ውስጥም አልሰፋም። መኪናው ጉድጓድ ሲመታና ፊቱ ሲቀመጥ አዲሱ ትልቅ ጎማ የድሮው ጎማ ይደርስበት የነበረው ቦታ ይደርሳል፤ ትልቅ ስለሆነ ደግሞ ይነካል። አብዛኛውን ጊዜ የሚነካውም መሪ ዞሮ ሳለ ከኋላ በኩል ጭቃ መከላከያውንና ከሥሩ ያለውን ጠርዝ ነው።

ሐረጎን ሲወርዱ ምን ይሆናል? ፍሬን ይያዛል፣ ክብደቱ ወደ ፊት ይመጣል፣ ፊቱ ይቀመጣል፤ በዚያው ቅጽበት ኩርባ ስለሆነ መሪው ዞሯል። ፊት የተቀመጠበትና ጎማ የዞረበት ጊዜ አንድ ላይ የሚገናኙት እዚያ ነው። ጋራዡ በር ላይ ግራና ቀኝ ዞሮ ምንም ያልነካ ጎማ የሚነካው እዚያ ነው። አንድ የታወቀ ጥያቄ አለ፤ ሥራውን በሥርዓቱ የሚሠሩ መካኒኮች አስቀድመው ይጠይቁታል፦ «ጋሼ፣ ይኼ ለማየት ነው ወይስ ለመጫን?» ባለቤቱ «ለሁለቱም» ካለ ሥራው ገና ከመጀመሪያው ችግር አለበት።

የጎማውን ስሌት ደግሞ እንይ፤ ቁጥሩ ከወሬው ይሻላል። ቪጎ ከያዛቸው የፋብሪካ ጎማዎች አንዱ የሆነው 265/65 አር 17 ዲያሜትሩ 776 ሚሊ ሜትር ነው። ፊት የሚነሣለት 285/70 አር 17 ደግሞ 831 ሚሊ ሜትር ነው። የ55 ሚሊ ሜትር ልዩነት፤ በመቶ 7 ገደማ። መኪናው ከመሬት ከፍ የሚለው ግን በግማሹ ነው፣ 27 ሚሊ ሜትር። ብዙዎች የሚረሱት ደግሞ የፒክአፕ ዝቅተኛው ነጥብ ከኋላ ያለው የዲፈረንሻሉ ሆድ መሆኑን ነው። ወደ ወገል ጤና በሚወስደው መንገድ ላይ ድንጋይ የሚመታው እሱን ነው። ፊቱን 5 ወይም 10 ሳንቲ ሜትር ማንሣት ለዲፈረንሻሉ አንዲት ሚሊ ሜትር አይጨምርለትም፤ አክስሉ ከጎማው ጋር ታስሯልና ከፍ የሚያደርገው ጎማው ብቻ ነው። ስለዚህ ለኮረኮንች ብሎ ፊት ያስነሣ ሰው ገንዘቡን ያወጣው ለማይመታው ቦታ ነው።

ሰባት በመቶው ሌላም ቦታ ይታያል። የፍጥነት ጌጁ 80 ሲል መኪናው 85 አልፏል፤ ቆጣሪው ለዘይት ቅያሪ 5,000 ኪሎ ሜትር ሲሞላ በእውነቱ 5,350 ገደማ ተሄዷል። ይኼ ቀላሉ ነው። ማርሹ በሙሉ በ7 በመቶ ረዝሟል፤ ያውም አየሩ ከባሕር ወለል ይልቅ አንድ አምስተኛ ያህል በሳሳበት ደሴ። ተርቦ ያለው ቪጎ ይህን ይችለዋል። ተርቦ የሌለው የድሮው 3 ኤል ወይም 5 ኤል ሞተር ግን ከኮምቦልቻ ተጭኖ ሲወጣ በሦስተኛ ያልፈው የነበረውን ኩርባ በሁለተኛ እያቃሰተ ያልፈዋል። ሲወርድ ደግሞ ተገላቢጦሽ ነው። በሁለተኛ ማርሽ ሞተሩ ይይዘው የነበረውን ያህል አይይዘውም፤ ጎድሎ የቀረውን የሚይዘው ፍሬኑ ነው። ፍሬኑም በበኩሉ የከበደና ረጅም ክንድ ያለው ጎማ እንዲያቆም ተጠይቋል። የፍሬኑን ልክ ማንም አልጨመረለትም። ሐረጎን የወረደ ሰው ሁሉ የፍሬን ሸራ ሽታ ያውቃል፤ ትልቅ ጎማ ያን ሽታ በሁለት ኩርባ ቀደም ብሎ ያመጣዋል።

ከሥራው ጎዶሎዎች ሁሉ ይቅር ለማለት የሚከብደኝ ግን ርካሹ ነው፤ መብራቱ። ፊት ሲነሣ የግንባር መብራቱም አብሮ ይነሣል። ካሶኒው ሲጫን ይብሳል። ሐረጎ ላይ ጉም ባለበት ማታ ከታች የሚመጣ የከባድ መኪና ሾፌር ዐይን ውስጥ በቀጥታ ይገባል፤ ለራሱ ለባለፒክአፑም ብርሃኑ ጉሙ ላይ ተበትኖ መንገዱን አያሳየውም። መብራቱን ዝቅ ማድረግ አንድ ካቻቢቴና አንድ ግድግዳ ብቻ ይጠይቃል። ይህን ያላደረገ ሥራ የተቀረው ቢያምርም ያላለቀ ሥራ ነው። 

አላይመንትም እንዲሁ። የፊት ክንዶች ማዕዘን ሲለወጥ ጎማው ከላይ ወደ ውጭ ይጋደላል፣ መሪው ከኩርባ በኋላ በራሱ የመመለስ ጠባዩ ይቀንሳል፣ የሁለቱ ጎማዎች አቅጣጫ እርስ በርስ ይዛባል። «ጎማው ይበላል» የሚባለው ይኼ ነው። በብዙ ሺሕ ብር የተገዛ ጎማ በጥቂት ወራት ጠርዙ ሲላጭ ጥፋቱ የሚጫነው በጎማው ላይ ነው። ለሥራው ዋጋ ሲነገር አላይመንቱ አብሮ መነገር አለበት፤ የማይነገርበት ቦታ ላይ ሥራውን አለማሠራት ይሻላል።

ይህን ሁሉ ብዬ ሥራውን ሞኝነት ነው ብል ግን ያለአግባብ ይሆናል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ያገለገለ መኪናን ዋጋ ሰማይ ሰቅሎታል፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች እንዳይገቡ ታግዷል። ያለው ፒክአፕ ያለው ነው። ሰው አዲስ መግዛት ካልቻለ የያዘውን ማደስ፣ ማስዋብ፣ ለመንገዱ ማስማማት ይፈልጋል፤ ይህ ፍላጎት አያሳፍርም። የተንታን መንገድ በቀጭን የፋብሪካ ጎማ የሚመላለስ ሰው ጥርሱ ጠለቅ ያለ፣ ጎኑ ጠንካራ ጎማ ያስፈልገዋል፤ እውነት ነው።

ለዚያ ሰው ግን የተሻለ ሥራ አለ። 265/70 አር 17 ጎማ ዲያሜትሩ 803 ሚሊ ሜትር ነው፤ ከፋብሪካው በመቶ 3 ከግማሽ አይበልጥም። በደህና ቪጎ ላይ ፊቱ ሳይነሣ የመግባት ዕድሉ ሰፊ ነው፤ ቢነካ እንኳ ጭቃ መከላከያውን ትንሽ ማሳጠር ብዙ ጊዜ ይበቃዋል። ለዲፈረንሻሉ 13 ሚሊ ሜትር ይጨምርለታል፤ ማርሹንም ፍሬኑንም ብዙ አያስጨንቅም። የጭነት ልኩ ከበፊቱ ያላነሰ መሆኑን ጎኑ ላይ ካለው ቁጥር ማየት ግን ግዴታ ነው። ፊቱም ካልተነሣ የማይሆንለት ሰው በስፔሰር ከ25 ሚሊ ሜትር ሳያልፍ፣ በባር ከሆነ ደግሞ ክንዱ ከታችኛው ገደብ ጋር የሚበቃ ክፍተት ትቶ ያሠራ። ከኋላ የተጨመረውን ቅጠል ባሌስትራ ጭነት ከሌለው ማውጣት ብቻውን የፊቱን ዝቅታ ግማሽ የሚያስተካክልበት ጊዜም አለ፤ ጋራዦች ይህን የማይመክሩት ብዙ ሂሳብ ስለማያስገኝ ይመስለኛል።

ሥራውን የሚረከብ ባለቤት ራቅ ብሎ ከማየት ይልቅ አንድ ነገር ያድርግ፤ ካሶኒው ላይ የተለመደ ጭነቱን ያድርግበትና መካኒኩን ጎኑ አስቀምጦ እስከ ኮምቦልቻ ይውረድ። ኩርባው ላይ የሚነካ ጎማ፣ የሚሸት ፍሬን፣ የማይመለስ መሪ ካለ ሁለቱም አብረው ይሰሙታል። ሂሳቡ የሚከፈለው ሲመለሱ ነው።